ፋይሉ ከመቆለፉ በፊት የተሰረቀው፦ በሐዋሳ የአንድ ቤት ኮምፒዩተር የጉዳይ ጥናት

ቤቱና ኮምፒዩተሩ

ጉዳዩ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚኖር ባለ አምስት ሰው ቤተሰብ ላይ ነው። አባትና እናት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ታላቋ ልጅ ያኔ የመመረቂያ ጽሑፏን እያጠናቀቀች የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ ታናናሾቿ ገና ትምህርት ቤት ነበሩ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እዚህ አልተጻፈም።

ኮምፒዩተሩ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ (ዩፒኤስ) የለውም። ዊንዶውስ 10 የተጫነለት በአክቲቬተር፣ ያልተገዛን ፈቃድ የተገዛ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ነው። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ አክቲቬተሩን እንዳያጠፋው ሻጩ አንድ ፎልደር ከፍተሻ ነፃ አድርጎ አስረክቧቸዋል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚገባው ፓስዎርድ በሌለው አንድ አካውንት ነው፤ አካውንቱም አድሚኒስትሬተር ነው። የዊንዶውስ አፕዴት የኢንተርኔት ጥቅል እየበላ አስቸግሮ ስለነበር ከሁለት ዓመት በፊት ተዘግቷል። ይህ አወቃቀር እንግዳ አይደለም፤ ከተማው ውስጥ በየቤቱ ያለው ዴስክቶፕ ይኸው ነው።

በውስጡ የነበረው የአሥር ዓመት ፎቶና ቪዲዮ ነው፦ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገብርኤል ንግሥ። እናት የእቁብ መዝገባቸውን በኤክሴል ይዘዋል። የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍና ከ180 መጠይቅ የገባው ዳታም እዚያው ነው። «ባክአፕ አለን» ይሉ ነበር፤ እውነት ነው፣ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አላቸው። ዲስኩ ግን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ከተሰካ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት

ልጅቷ ለዳታ ትንተና የምትጠቀምበት ኤስፒኤስኤስ የተባለ ፕሮግራም የሙከራ ጊዜው አልቆ ነበር። ክራክ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ የሚከፍት ፋይል፣ ፈልጋ ያገኘችው ገጽ ሦስት አረንጓዴ የዳውንሎድ ቁልፎች ነበሩት። የወረደው 9 ሜጋባይት የማይሞላ የታመቀ (ራር) ፋይል ነው፤ ፓስዎርዱ 1234 እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ሳይታዩ ታለፉ። አንደኛው ፓስዎርዱ ነው። ለሁሉም የሚታይ ፓስዎርድ ምስጢር አይጠብቅም፤ ሥራው ብሮውዘሩና አንቲቫይረሱ የታሸገውን ከፍተው እንዳያዩ ማድረግ ብቻ ነው። ሁለተኛው መጠኑ ነው። 9 ሜጋባይት የነበረው ሲፈታ ከ700 ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ የመጫኛ ፋይል ወጣው። ውስጡ ሲታይ አብዛኛው ተከታታይ ዜሮ ነበር። ዜሮ ሲታመቅ ወደ ምንም ይጠጋል፣ ሲፈታ ይተነፍሳል። ይህ የሚደረገው ብዙ መፈተሻዎች በጣም ትልቅ ፋይልን ስለሚዘሉ ነው፤ ፋይል በብዙ አንቲቫይረስ የሚፈትሸው ድረ ገጽ ቫይረስቶታልም ከ650 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም።

ከፋይሉ ጋር የመጣው ማስታወሻ «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይል ነበር። ጠፋ። ዊንዶውስ «ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?» ሲል ጠየቀ። ተፈቀደለት። ፕሮግራሙ አልተከፈተም። በምትኩ የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል መስኮት መጣና በመቶኛ መቁጠር ጀመረ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር መስኮቱ እንደተከፈተ ተተወ።

ከ40 ደቂቃ ያህል በኋላ መብራት ሄደ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። የፎቶዎቹ ምስል ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ በየፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ አራት ፊደል ያለው ቅጥያ ተጨምሯል፤ በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። መልእክቱ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተገናኘ ግን ግማሹ፣ 490 ዶላር።

ውስጥ ውስጡን የሆነው

ይህ ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው የራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ቤተሰብ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ድርጅቶችን ትቶ የቤት ተጠቃሚን የሚያጠቃ፣ በአብዛኛውም በክራክ ተለብጦ የሚመጣ ነው። አሠራሩ የታወቀ ስለሆነ በዲስኩ ላይ የቀሩትን ምልክቶች ማንበብ አላስቸገረም።

መጀመሪያ የሠራው ቆላፊው አልነበረም፤ አብሮት የመጣው ሌባ ነው። ሌባው በብሮውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ ኩኪዎችን (ድረ ገጾች የገባን ሰው የሚያስታውሱባቸውን ፋይሎች) እና የቴሌግራም ዴስክቶፕን ፎልደር ሰብስቦ ይልካል። ክሮም የይለፍ ቃሎቹን አመስጥሮ ቢያስቀምጥም፣ ያኔ የሚከፍታቸው ተጠቃሚው ወደ ዊንዶውስ በገባበት ማንነት ነበር፤ በዚያው ማንነት የሚሠራ ሌባም ይከፍታቸው ነበር። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ሲጨርስ ድምፅ የለውም፣ መስኮት የለውም።

ቆላፊው ቀጥሎ ራሱን ወደ ተጠቃሚው የተደበቀ ፎልደር ገለበጠ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አደረገ፤ በየአምስት ደቂቃው የሚቀሰቅሰው ሥራም የዊንዶውስ የሥራ ሰዓት መዝገብ በሆነው ታስክ ስኬጁለር መዘገበ። ዊንዶውስ ለመልሶ ማግኛ የሚያስቀምጣቸውን የጥንት ቅጂዎች ሰረዘ። የታወቁ የደህንነት ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ሆስትስ የምትባለውን የዊንዶውስ ፋይል አረመ።

መብራት መሄዱ ቤተሰቡን ጠቅሞ ነበር። የፋይሎቹ ሰዓት ሲነጻጸር፣ መብራት ሲጠፋ ዲ ድራይቭ በሙሉ፣ ኤክስተርናል ዲስኩ ግን አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር የተቆለፈው። ማታ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በየአምስት ደቂቃው የሚቀሰቀሰው ሥራ ካቆመበት ቀጠለ። ዲስኩ በተነቀለበት ሰዓት ሁለት ሦስተኛው አልቆ ነበር። ያ አንድ ሦስተኛ የጠፋው በቫይረሱ ጥንካሬ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩን መልሶ በመክፈት ነው።

እስከ ሰኞ ማታ፦ ያልሠራውና ያባባሰው

የመጀመሪያው ሙከራ ቅጥያውን ከስሙ ላይ ማጥፋት ነበር። ስም ነው የተቀየረው፤ ይዘቱ እንደተቆለፈ ነው። ጉዳት አላደረሰም፤ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ስማቸው ስለተለወጠ በኋላ የቱ የተቆለፈ፣ የቱ ደህና እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን ወሰደ።

እሑድ ጠዋት አባት የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ቀየሩ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ስህተት ነበር፤ የቀየሩት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ነው። አዲሱም ቃል ብሮውዘሩ ውስጥ ተቀመጠ።

የደህንነት ድረ ገጾች አልከፈት ሲሉ «ኔትወርክ የለም» ተባለና ራውተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ በራ። ቴሌግራምና ዩቲዩብ ግን በደንብ ይሠሩ ነበር። አንዳንድ ገጽ ብቻ ተመርጦ ሲዘጋ ራውተርን መጠርጠር ትርጉም የለውም።

ዩቲዩብ ላይ «መፍቻ» የሚሉ ብዙ ቪዲዮዎች ተገኙ። አንዱ ሊወርድ ሲል ጥቅል አለቀ፤ እድለኞች ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዞራብ የተባለ ራንሰምዌር የዚሁ የዲጄቩ መፍቻ መስሎ ተሰራጭቶ፣ የተቆለፈውን ፋይል በላዩ ላይ ደግሞ ይቆልፍ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ኮምፒዩተሩ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄደ። ጠጋኙ ቅን ሰው ነው፤ ማታውኑ ሠርቶ ሊመልስላቸው ሞከረ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ዲ ድራይቭ ላይ ጫነ፣ ያገኘውንም እዚያው ዲ ላይ አስቀመጠ። ከዲስክ ላይ የተሰረዘ ነገር የሚገኘው ቦታው በሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ፍለጋው ራሱ የሚፈለገውን ደመሰሰ። ከዚያ በክራክ የተከፈተ አንቲቫይረስ ጫነና ሲ ድራይቭን ፎርማት ለማድረግ ፈቃድ ጠየቀ። አባት በዚህ ላይ አስቆሙት።

ማክሰኞ፦ መንቀል፣ መቅዳት፣ መለየት

ከዚህ በኋላ ሥራው በቅደም ተከተል ተሠራ። ዴስክቶፑ ከኤሌክትሪክ ተነቀለ፤ ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ወጣና በሳታ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ከሌላ ላፕቶፕ ጋር ተያያዘ። ላፕቶፑ የተነሳው ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ በሊኑክስ ሚንት፣ በዊንዶውስ ምትክ በሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ነው፤ የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ላይ አይነሳም፣ የላፕቶፑም ዲስክ አልተነካም። ላፕቶፕ የተመረጠው ለመብራቱ ነው፤ መቅዳት መሃል ላይ ቢቋረጥ ባትሪው ይይዘዋል።

ዲስኩ በዲዲሬስኪው ፕሮግራም እንዳለ ወደ አዲስ ኤክስተርናል ተገለበጠ። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ወደብ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ስለሚሄድ 500 ጊጋባይቱ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ዋናው ዲስክ ፋይል የማዳኑ ሥራ እስኪያልቅ አልተነካም፤ ሙከራ ሁሉ በቅጂው ላይ ነው። ይህ ልማድ ለትልልቅ ድርጅት ብቻ የተባለ ይመስላል። ጠጋኙ ከዚህ ቢጀምር ኖሮ ግን የሰኞው ጉዳት አይኖርም ነበር።

ዓይነቱን ለመለየት ሪድሚው እና አንድ የማያሳፍር የተቆለፈ ፎቶ አይዲ ራንሰምዌር ወደተባለው ነፃ አገልግሎት ተላኩ። ኖ ሞር ራንሰም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር የጀመሩት፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። መልሱ ዲጄቩ ሆነ። ቀጥሎ ሲ ድራይቭ ላይ ሲስተምአይዲ በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለው የመለያ ቁጥር ታየ። ቁጥሩ በ«ቲ1» ቢያልቅ ኖሮ፣ ቆላፊው ኢንተርኔት ሳያገኝ በውስጡ ባለው የጋራ ቁልፍ ሠርቷል ማለት ነው፤ ያ ቁልፍ ከተገኘ የደህንነት ኩባንያው ኤምሲሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ መፍቻ ይከፍተዋል። የዚህ ቤት ቁጥር በቲ1 አላለቀም። ዋይፋይ በርቶ ስለነበር ቁልፉ ለዚህ ኮምፒዩተር ብቻ ተዘጋጅቶ ከአጥቂው ሰርቨር መጥቷል። እንዲህ ያለውን የሚከፍት መሣሪያ የለም፤ «በ300 ዶላር እንከፍታለን» የሚልም ይዋሻል፤ ወይ ከአጥቂው ጋር ይደራደራል፣ ወይ ብሩን ይበላል።

ቤዛ ላለመክፈል ተወሰነ። ምክንያቱ ግማሹ መርህ፣ ግማሹ ሒሳብ ነበር፤ ምን ምን በሌላ ቦታ እንዳለ ገና አልተቆጠረም ነበርና።

ከተቆለፈው ምን ተረፈ

ዲጄቩ ለመፍጠን ሲል የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ብቻ፣ 150 ኪሎባይት ያህል፣ ነው የሚቆልፈው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፋይሎችን በመጠናቸው ይከፋፍላል።

ትንንሾቹ፣ የወርድና የኤክሴል ፋይሎች፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። የተሰረዘ ፋይል በሚፈልገው ፎቶሬክ በተባለ ፕሮግራም የተደረገው ፍለጋም ብዙ አላመጣም፤ ቆላፊው በፋይሉ በራሱ ላይ ስለሚጽፍ የሚነሳ የተሰረዘ ቅጂ አይተውም። የተገኘው ልጅቷ ከወራት በፊት የሰረዘችው የሁለተኛ ምዕራፍ ረቂቅ ነው።

ቪዲዮዎቹ ግን ከመቶ ሜጋባይት በላይ ናቸው፤ የተነካባቸው ጭንቅላታቸው ብቻ ነው። ሚዲያ ሪፔር የተባለ ነፃ መሣሪያ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ጥራት የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ቪዲዮ በናሙናነት ይወስድና የጠፋውን ራስ ይሠራል። ከ53 ቪዲዮዎች 41ዱ ዳኑ፤ ከእያንዳንዱ የጎደለው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ያልዳኑት ስልኩ ተሽጦ ናሙና ያልተገኘላቸው ናቸው። አሮጌ ስልክ ሲሸጥ አንድ አጭር ቪዲዮ ማስቀረት ለካስ ዋጋ አለው።

ፎቶ የበለጠ አድካሚ ነው። 3 ሜጋባይት የሆነ የስልክ ፎቶ 150 ኪሎባይቱ ሲሄድ ከላይ ሃያኛ እጅ ያህሉን ያጣል። ከዚያው ስልክ፣ በዚያው አቅጣጫ ከተነሳ ፎቶ ራሱን ተውሶ የቀረውን ማውጣት ይቻላል፤ ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል። ቤተሰቡ 60 ፎቶ መርጦ 38ቱ ወጡ። በአንዱ የሠርግ ፎቶ ላይ ሰዎቹ ሁሉ አሉ፤ የጠፋው ከበላያቸው የነበረው ሰማይና የድንኳኑ ጫፍ ነው፤ ቀሚሱ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ሄዷል።

ከዲስክ ሳይሆን ከሰው የተገኘው ከሁሉም በለጠ። ተማሪዋ ለአማካሪዋ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ረቂቅ ልካለች፤ የመጨረሻው የዘጠኝ ቀን ዕድሜ ነበረው። ለማተም የወሰደችው ፍላሽ ላይ አባሪዎቹ ተገኙ። የኤስፒኤስኤስ ዳታው አልተገኘም፤ 180ው የወረቀት መጠይቅ ግን በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ አልጋ ሥር ነበር። ሁለት ሰው በሁለት ቀን መልሶ አስገባው። የእቁቡ መዝገብ በአባላቱ ስልክ ላይ በየወሩ በተላከ ፎቶ ተመልሶ ተጻፈ።

ረቡዕ የመጣው የቴሌግራም መልእክት

ሁሉም ዓይኑን ፋይሉ ላይ ተክሎ ሳለ፣ በአራተኛው ቀን ከልጅቷ ቴሌግራም ለዘመዶች መልእክት ሄደ፦ «ሰላም ነሽ? አስቸኳይ ነገር ገጥሞኝ ነው፣ 6000 ብር ላኪልኝ፣ ነገ እመልስልሻለሁ»። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። አንዲት አክስት ወዲያው ላኩ። ሌላዋ ግን ልጅቷ «እትዬ» ብላ በአንቱታ ነው የምትጽፍላቸው፤ «ላኪልኝ» የሚለው ከነከናቸውና ደወሉ። ጉዳዩ የታወቀው በዚህ ነው።

ልጅቷ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነበራት። አልጠቀማትም፤ ምክንያቱም ማንም አዲስ አልገባም። የተሰረቀው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር የተከፈተውን ግንኙነት ቁልፍ ይዟል፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ ኮድም ሆነ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይከፈታል። በስልኳ «ዲቫይስስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ የማታውቀው መሣሪያ ፈለገች፤ አልነበረም። የነበረው የራሷ ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ዲስኩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ዝርዝሩ «ኦንላይን» ይለዋል፣ ቦታውም ሌላ አገር ነው። ሌባው በእሷው ኮምፒዩተር ስም ነው የሚገባው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይታወቀውን ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ ከስልኩ በቀር ያለው ሁሉ ይዘጋል።

ቀሪው ሥራ በንጹሕ ስልክ ተሠራ። መጀመሪያ ኢሜይሎቹ፣ ሌላው ሁሉ የሚመለሰው በኢሜይል ነውና። ቃሉ ተቀየረ፣ የገቡ መሣሪያዎች በሙሉ ወጡ፣ የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥርና ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩ ታየ። በአባት ኢሜይል ላይ የማይታወቅ የመልሶ ማግኛ አድራሻ ተጨምሮ ተገኘ። ቀጥሎ ፌስቡክና ቴሌግራም። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች በስልክ ብቻ ስለነበሩ አልተነኩም፤ የሚስጥር ቁጥሮቹ ግን ተቀየሩ።

አክስት ወደ ባንካቸው ደወሉ፤ ብሩ ከሒሳቡ ወጥቶ ነበር። የመልእክቱ ምስል፣ የሒሳብ ቁጥሩና የዝውውሩ ደረሰኝ ተይዞ ለፖሊስ ተመለከተ፤ ድርጊቱ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። ብሩ አልተመለሰም።

ሌባው ቅዳሜ ጨርሶ ነበር። ቅዳሜ ማታ በስልክ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ቢሠራ የረቡዑ መልእክት አይሄድም ነበር። ፎቶው እሑድም ማክሰኞም ያው ፎቶ ነው፤ አካውንቱ ግን በየሰዓቱ ይበላሻል።

ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲቋቋም

ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት በወረደ መጫኛ ተጫነ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ዊንዶውስ 10 ቁልፍ ሳይገባበትም ይጫናል። ጥግ ላይ «አክቲቬት አድርግ» ይላል፣ የጀርባ ምስል መቀየር ይከለክላል፣ የደህንነት አፕዴት ግን ድጋፉ እስኪያበቃ ድረስ ይመጣለት ነበር። ትክክለኛው መንገድ ፈቃዱን መግዛት ነው፤ ቤተሰቡም ኋላ ገዝቷል። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ ለማጥፋት ብሎ አክቲቬተር መጫን የቤት በር ጮኸ ብሎ መንቀል ነው።

ሁለት ዓይነት አካውንት ተከፈተ፤ ረጅም ፓስዎርድ ያለው አድሚኒስትሬተር በአባት እጅ፣ ለየቀኑ ሥራ ደግሞ ተራ አካውንት ለየሰው። ልጆቹ አንድ ነገር ሊጭኑ ሲሉ አባትን መጥራት አለባቸው። ይህ ብቻውን ፋይልን ከመቆለፍ አያድንም፤ ተራ አካውንትም የራሱን ፎቶ መቆለፍ ይችላልና። ዲፌንደርን ማጥፋትን፣ የጥንት ቅጂ መሰረዝንና ሆስትስን መንካትን ግን ያከብዳል።

ዲፌንደር ላይ ሌላ ፕሮግራም እንዳያጠፋው የሚከለክለው ታምፐር ፕሮቴክሽን በራ፤ ከፍተሻ ነፃ የሆነ ፎልደር አለመኖሩ ታየ፤ የፎልደር ጥበቃ የሚባለው የራንሰምዌር መከላከያም ተከፈተ። የመጨረሻው ሲመጣ ዝግ ነው፣ ሰው ነው የሚከፍተው። በመጀመሪያው ሳምንት አስቸግሯል፤ የአማርኛ መጻፊያውና የፎቶ ማስተካከያው ማስቀመጥ ተከለከሉና አንድ በአንድ ተፈቀዱ። ሰው የሚያጠፋው በዚህ ሳምንት ነው፤ ከታለፈ ይረሳል።

ፋይል ኤክስፕሎረር የፋይል ቅጥያ እንዲያሳይ ተደረገ፤ «ደረሰኝ ፒዲኤፍ» የሚል ስም ያለው ነገር ኤግዜ፣ ማለትም ፕሮግራም፣ መሆኑ የሚታየው ያኔ ነው። ብሮውዘሩ ፋየርፎክስ ሆኖ ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን ተጨመረበት፤ እነዚያ ሐሰተኛ አረንጓዴ ቁልፎች አብዛኞቹ ማስታወቂያ ናቸው። የይለፍ ቃል ወደ ቢትዋርደን፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም፣ ዞረ። የራውተሩም የፋብሪካ ፓስዎርድ ተቀየረ።

አፕዴቱ ጭቅጭቅ ነበር። የተዘጋው በጥቅል ምክንያት ስለሆነ «ክፈቱ» ማለት ብቻ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ኮምፒዩተሩን በወር አንድ ሌሊት በሌሊት ጥቅል ማሳደር ሆነ። ማይክሮሶፍት ወርሃዊውን አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጅ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ስለሆነ፣ እነሱ በዚያ ሳምንት ዓርብ ሌሊት ያወርዱ ነበር። የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ ይመጣ ነበር።

ባክአፑ ሁለት ዲስክ ሆነ። አንዱ እሑድ ማታ ይሰካል፣ ፋይሎቹ ይገለበጣሉ፣ ይነቀላል። ሌላው አክስት ቤት ይቀመጥና በወር አንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያው ወር ከዲስኩ አሥር ፋይል ተከፍቶ ሲሞከር የእናት ኤክሴል እንዳልተገለበጠ ታወቀ፤ የተቀመጠው ዴስክቶፕ ላይ ነበር፣ የሚገለበጠው ግን ዶክዩመንትስ ብቻ። ሳይሞከር ቢቀር የሚታወቀው በሚቀጥለው አደጋ ነበር።

ልጅቷ ትንተናዋን በጃሞቪ ጨረሰች። ነፃ ነው፤ የኤስፒኤስኤስ ፋይል ይከፍታል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትፈልገው ካይ ስኩዌርና ሪግሬሽን አለው። ፒኤስፒፒ የተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራምም ነበር። ያን ቅዳሜ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ በክራክ ጉዳይ «አታውርዱ» ከሚለው ምክር ይልቅ የሚሠራው «ይኸኛውን ውሰጂ» የሚለው ነው።

ለሌላ ቤት

ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪኩን ገመድ ንቀል፣ ኤክስተርናሉን ንቀል፣ ኮምፒዩተሩን መልሰህ አትክፈት፣ ስልክህን አንስተህ ከኢሜይል ጀምር። ዘመዶችህን ጥራና «ከእኔ የብር ጥያቄ ቢመጣ ደውሉ» በል። ስለ ፋይሉ ነገ ይታሰባል። ዲስኩን የሚነካ ሰው ሳይገለብጥ እንዳይነካ፤ «ፎርማት እናድርገው» ለሚል ጠጋኝ መልሱ «መጀመሪያ ቅጂ» ነው።

ቅድመ ጥንቃቄ ላይ ጊዜ ለሌለው ሰው፣ የተነቀለ ባክአፕ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከእሱ ቀጥሎ ተራ አካውንት። የአንቲቫይረስ ምርጫ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ምንም ሚና አልነበረውም። ዲፌንደር ነበር፤ በእጅ ነው የጠፋው።

አሁን ያለበት

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ስምንተኛ ትውልድ ኮርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ ይህ ዴስክቶፕ አይቀበለውም። አሁን ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበታል፤ እናት እቁባቸውን በሊብረኦፊስ ይይዛሉ። አባት መጀመሪያ ሳምንት አኩርፈው ነበር።

የተቆለፉት ፋይሎች አልተጣሉም። ሼድ የተባለው ራንሰምዌር ባለቤቶች ሥራቸውን ካቆሙ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ750,000 በላይ ቁልፎችን ለቀዋል፤ የዲጄቩም ቁልፍ አንድ ቀን ሊለቀቅ ይችላል። ፋይሎቹ ከሪድሚውና ከመለያ ቁጥሩ ጋር ማክሰኞ ቅጂው በተገለበጠበት ኤክስተርናል ላይ፣ «አይሰካ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመጠይቁ ጆንያ አጠገብ ተቀምጠዋል።